ኮምፒውተሩ ዓይኔን ጨረሰው፤ ምኑን ልነካካ?

ቃል_ለቃል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለዚህ ቤት። ሥራዬ ትርጉም ነው። ውል፣ አዋጅ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የመጣውን ሁሉ እተረጉማለሁ። በቀን 8 ሰዓት፣ ሥራ ሲበዛ ደግሞ 10 ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ እውላለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ዓይኔ እምቢ አለ። ጠዋት ደህና ነኝ። ከምሳ በኋላ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ወደ 10 ሰዓት ላይ ፊደሉ ይደራረብብኛል። ትናንት «ገቢ» የሚለውን «ገቡ» ብዬ አንብቤ አንድ አንቀጽ ሙሉ ተሳስቻለሁ። ማታ ቤት ስገባ ግንባሬን ይወጥረኛል።

ቢሮ ያሉ ልጆች «ናይት ላይት አብሪ» አሉኝ፤ ስክሪኑን ወደ ብርቱካንማ የሚወስደው ነው። አበራሁ። ስክሪኑ ሻይ የፈሰሰበት መሰለ እንጂ ለውጥ የለም። አንዷ ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክል መነጽር ግዢ ትለኛለች። ዋጋውን ሰምቼ ዝም አልኩ።

ዴስክቶፕ ነው፣ ዊንዶውስ 10፣ ስክሪኑ 22 ኢንች። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት እዚሁ ያለውን በማስተካከል የሚሆን ነገር ካለ ንገሩኝ።


የኬብል_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:48

እህቴ፣ መጀመሪያ አራት ነገር ንገሪኝ።

የስክሪኑ ባዶ ቦታ (ዴስክቶፑ) ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ግቢ። ሪዞሉሽን፣ ማለትም የነጥቦቹ ብዛት፣ ስንት ነው? ከበላዩ ስኬል፣ ማለትም ፊደሉንና ሁሉን የሚያተልቀው፣ ስንት ይላል? ከዚያ ከስክሪኑ ጀርባ የተሰካው ኬብል ምን ዓይነት ነው? ሰማያዊ ራስ ያለው፣ በሁለት ብሎን የሚታሰረው ከሆነ ቪጂኤ ነው። አራተኛው፣ የስክሪኑ ብራይትነስ ስንት ላይ ነው? እሱን ኮምፒውተሩ ውስጥ አትፈልጊው፤ ስክሪኑ ራሱ ላይ ባሉት ቁልፎች ነው የሚታየው።

ናይት ላይቱን ለጊዜው እርሺው።


ባለ_ቀለም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ናይት ላይት ስትሉ የኔን ጉድ ልንገራችሁ። ግራፊክስ ነው የምሠራው። «ከምሽቱ 12 እስከ ጠዋቱ 12 ይብራ» ብዬ ሞላሁት፤ በኛ ሰዓት ማለቴ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የፈረንጅ 12 ነው የገባው። በቃ በየቀኑ ልክ 6 ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ስክሪኑ ብርቱካንማ ይሆናል። እኔ ዓይኔ ተበላሸ ብዬ ሳስብ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ የሙሽራዋ ፊት ቢጫ መሰለኝና ሰማያዊ ጨመርኩበት፣ ጨመርኩበት። ታትሞ ሲመጣ ሙሽራዋ በብርድ የደረቀች መስላለች። 300 ካርድ ከኪሴ።

ቀለም የምትሠሩ ከሆነ ናይት ላይት አጥፉና ሥሩ። ሰዓት የምትሞሉ ከሆነ ደግሞ የኛ 12 በነሱ 6 ነው፣ አደራ። ወይ «ሰንሴት ቱ ሰንራይዝ» የሚለውን ምረጡና ራሱ ይወቅበት።


መነጽር_ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

የዓይን ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ሰማያዊ ብርሃን በየቀኑ እጠየቃለሁ፣ እዚህም ልመልስ።

ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ግምገማው 17 ሙከራዎችን ሰብስቦ አይቷል። እነዚህ መነጽሮች በኮምፒውተር የሚመጣውን የዓይን ድካም ከተራው መነጽር የተሻለ የሚቀንሱ አይመስሉም ነው ያለው። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም ለኮምፒውተር ብሎ መግዛትን አይመክርም። ስለዚህ ዋጋውን ሰምተሽ ዝም ማለትሽ ጥሩ ነው። ናይት ላይት ማታ ለዓይን ለስለስ ይል ይሆናል፤ የቀን ቁርቁርን ግን አያድንም።

የሚቆረቁርሽ ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ሰው በደቂቃ ወደ 15 ጊዜ ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ወደ 5 ወይም 7 ይወርዳል። የዓይን እንባ የሚዘረጋው በማርገብገብ ነው። ካልተዘረጋ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ያቃጥላል። አንዳንዴም ጭራሽ እንባ ይፈስሳል፣ ሰው ግራ የሚገባው ያኔ ነው። «እያለቀሰ እንዴት ደረቀ ትይኛለሽ?» ይሉኛል። የተቆጣ ዓይን ስለሆነ ነው የሚያለቅሰው።

በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከሆንሽ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነሽ። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ አቧራውን ታውቂዋለሽ። እና ፊደሉ በደቀቀ ቁጥር የበለጠ ታፈጫለሽ፣ ባፈጠጥሽ ቁጥር ማርገብገብ ትረሺያለሽ። የኬብል_ልጅ የጠየቀሽን መልሺለት፣ ጉዳዩ እዚያ ሳይሆን አይቀርም።


ጥቁር_ገጽ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:10

ይሄን ሁሉ ምን አመጣው? ዳርክ ሞድ ማድረግ ነው፣ አለቀ። እኔ ኮድ ስጽፍ 5 ዓመት ሙሉ ጥቁር ላይ ነው፣ ዓይኔ ፏ ብሏል።


መነጽር_ቤት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

ለአንተ ሠርቷል፣ ጥሩ። ለሁሉም ግን አይሠራም። ጥቁር ገጽ ላይ የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ያኔ አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ እኩል ክብ አለመሆን) ያለበት ሰው ነጩ ፊደል ዙሪያውን እንደ ጭጋግ ሲበተን ያያል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ይመቻል። ቀን፣ መስኮት ባለበት ቢሮ ግን ጥቁሩ ስክሪን መስታወት ይሆንና ከፊደሉ ይልቅ የራስህን ፊት ታያለህ።


ቃል_ለቃል
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:02

እሺ፣ አየሁት። ሪዞሉሽን 1280 በ720 ይላል። ድሮ አንድ ልጅ ነው ፊደሉ እንዲተልቅልኝ ብሎ ያደረገልኝ። ስኬል 100። ኬብሉ ሰማያዊ ራስ ያለው ነው። ብራይትነስ 100፣ ኮንትራስት 90። ከተገዛ ጀምሮ ማንም አልነካውም መሰለኝ።

ዳርክ ሞድ ሞክሬያለሁ። ማይክሮሶፍት ወርዱ ጥቁር፣ የምተረጉመው ፒዲኤፍ ነጭ። ከአንዱ ወደ አንዱ ስሄድ መብራት እየጠፋ እየመጣ ያለ ነው የሚመስለው። ተውኩት።


የኬብል_ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:40

በቃ ተያዘ! ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

22 ኢንች ስክሪኖች አብዛኞቹ 1920 በ1080 ነጥብ ናቸው። ነጥቦቹ የማይንቀሳቀሱ፣ በፋብሪካ የተደረደሩ ናቸው። አንቺ 1280 ስትይው ኮምፒውተሩ አንዱን ነጥብ በአንድ ተኩል ነጥብ ላይ ሳል ይላል። ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር ስለሌለ ዳር ዳሩን ግራጫ ይቀባዋል። ፊደሉ ተለቀ፣ ግን ደበዘዘ። ዓይንሽ ደግሞ «አጥራው» እያለ ቀኑን ሙሉ ይታገላል። የማይጠራን ነገር ለማጥራት ነው የሚደክመው።

አሁን ሪዞሉሽኑን አጠገቡ «ሪኮሜንድድ» የሚል ያለበት ላይ አድርጊው። ሁሉም ነገር እንደ ጤፍ ይደቅብሻል፣ አትደንግጪ። ከዚያ ስኬሉን 150 አድርጊ። 1920ን ለ1.5 ስታካፍይው 1280 ነው። ፊደሉ አሁን ካለው መጠን ጋር እኩል ይሆናል፣ ግን ጥርት ብሎ። 150 ከበዛብሽ 125 ይበቃል። ስትጨርሺ ሳይን አውት ብለሽ ተመለሽ፣ አለዚያ የተከፈቱት ፕሮግራሞች ደብዝዘው ይቆያሉ።

ኬብሉ። ቪጂኤ ምስሉን እንደ ሞገድ ነው የሚልከው። ስክሪኑ ሲቀበል አንዳንዴ አሰላለፉ ይዛነፋል፣ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። ስክሪኑ ላይ «አውቶ» የሚል ቁልፍ ካለ አንድ ጽሑፍ የሞላበት ገጽ ከፍተሽ ተጫኚው፤ ሁለት ሰከንድ ይንቀጠቀጥና ይስተካከላል። ኮምፒውተሩም ስክሪኑም የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካላቸው ግን ኬብሉን ቀይሪ፣ ዲጂታል ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትገላገያለሽ።

ብራይትነስ 100 ሱቅ ውስጥ ለማሳያ ነው። ነጭ ወረቀት ስክሪኑ አጠገብ ያዢና የወርዱን ባዶ ገጽ ተመልከቺ። ገጹ ከወረቀቱ አጠገብ እንደ አምፖል ካበራ በዝቷል። አመድ ከመሰለ አንሷል። ወረቀት እስኪመስል ዝቅ አድርጊ። ማታና ቀን አንድ አይሆንም፣ እሱን እወቂው። ሻርፕነስ የሚባለውን ደግሞ ከመሃል አታሳልፊው፣ ሲበዛ ፊደሉ ዙሪያ ነጭ መስመር ያበጃል።

መጨረሻ ላይ ስታርት ከፍተሽ «ክሊርታይፕ» ፈልጊ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፊው። አምስት ገጽ ናሙና ያመጣልሻል። እንደ ዓይን ምርመራ ነው፣ የጠራልሽን መምረጥ ብቻ።


ኃምስ_ቀለበት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:25

ስለ ፊደላችን ማንም ሳያነሳ እንዳይዘጋ። የመጽሐፍ ገጽ ቅንብር ነው ሥራዬ፤ የእንግሊዝኛ ምክር ለአማርኛ አንባቢ ሁሌ አይበቃም።

«ገቢ»ን «ገቡ» ብላ ማንበቧን ዝም ብላችሁ አለፋችሁት። «ቡ» ላይ ጭረቱ ወገቡ ላይ ነው። «ቢ» ላይ እግሩ ላይ ነው። «ቤ» እግሩ ላይ ቀለበት ነው። የእንግሊዝኛ አንባቢ አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ነው፤ ቢደበዝዝም ከቃሉ ቅርጽ ይገምተዋል። የእኛ አናባቢ የሁለት ነጥብ ጭረት ናት። ያቺ ጭረት ከደበዘዘች «ገቢ»ና «ገቡ» አንድ ናቸው። የፊደል መጠኑ 11 ሲሆን እንግሊዝኛው ደህና ሲነበብ አማርኛው የሚያደክመው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አማርኛ ስትሠሪ የወርዱን ዙም 140 ወይም 150 አድርጊ። ብዙ ጸሐፊዎች «ሲታተም ይተልቃል» ብለው ይፈራሉ። አይተልቅም። ዙም ዓይንሽን ነው እንጂ ወረቀቱን አይነካም። መስመሩ ከስክሪኑ ከወጣብሽ «ቪው» ገብተሽ «ዌብ ሌይአውት» በይው፣ በመስኮቱ ልክ ይታጠፋል።

ሁለተኛ፣ ፎንቱ። ኒያላ ታትሞ ሲነበብ ደስ ይላል፤ በብዕር የተጻፈ ዓይነት ነው፣ ወፍራምና ቀጭን ጭረት አለው። ስክሪን ላይ ግን ቀጭኑ ጭረት ይጠፋል። ስትሠሪ ኢብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ተጠቀሚ፣ ውፍረታቸው እኩል ነው። ለደንበኛው ስትልኪ ወደሚፈልገው ቀይሪው። የመስመር ክፍተቱንም 1.5 አድርጊ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ሁሉም ቆሞ ነው የሚሄደው፤ ሲጠጋጋ አጥር ይመስላል።

ነጩ ገጽ ከበዛብሽ «ዲዛይን» ውስጥ «ፔጅ ከለር» አለ። እንደ ብራና ፈዘዝ ያለ ቀለም ምረጪ። አንቺ ካላዘዝሽው በቀር አብሮ አይታተምም።


ዱባይ_ነኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:50

እኔ ደግሞ ከዱባይ። ቢሮ ውስጥ ዳታ ነው የማስገባው። ሴቲንጉን ሁሉ አስተካክዬ ዓይኔ ሲቃጠል ነበር፤ ለካ የኤሲው አፍ ቀጥታ ፊቴ ላይ ነው የሚነፋው። አንድ ቀን የባልደረባዬ ወንበር ላይ ስቀመጥ ነው የገባኝ። ጠረጴዛዬን ግማሽ ሜትር አዞርኩት፣ አለቀ። አዲስ አበባ ኤሲ ብዙ ባይኖርም ማራገቢያ ወይም ክፍት መስኮት ካለ እዩት።


ቃል_ለቃል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

ተመልሼ መጣሁ። የኬብል_ልጅ ያለኝን ረቡዕ ዕለት አደረግኩ። ስኬሉን 150 ብዬ ወርድ ስከፍት እውነት ለመናገር «እንዴ!» ብዬ ጮህኩ፤ አጠገቤ ያለችው ልጅ ፋይል የጠፋብኝ መስሏት ደነገጠች። ለካ ሁለት ዓመት በጭጋግ ውስጥ ነበር የማነበው። ብራይትነሱ በወረቀቱ ሲለካ 35 ላይ ቆመ። አንድ ቀን ተኩል «ጨለመ ጨለመ» ሲለኝ ነበር፤ አሁን የሌላ ሰው ስክሪን ሳይ ነው የሚያበራብኝ። ገጹን ብራና አድርጌዋለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንድ የድሮ የመዝገበ ቃላት ፕሮግራም አለኝ፣ ስኬሉን ከቀየርኩ ወዲህ እሱ ብቻ ደብዝዟል። ሁለተኛ፣ የነጋሪት ጋዜጣ ስካን ሳነብ አሁንም ይከብደኛል። አማርኛና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ሆኖ ፊደሉ ደቃቅ ነው። ወደ ስክሪኑ ስጠጋ ጭራሽ ይብሳል፣ ራቅ ስል ይሻለኛል። ማጅራቴንም ያመኛል። 43 ዓመቴ ነው፣ ምናልባት እሱ ይሆን?


የኬብል_ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:55

ለካ እትዬ ኖረሻል፣ ይቅርታ አንቺ እያልኩ።

የድሮው ፕሮግራም፦ አይከኑ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ «ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ»። ከታች ያለውን ሳጥን ምልክት አድርጊና «ሲስተም ኢንሃንስድ» ምረጪ። ካልሠራ እዚያው «አፕሊኬሽን» የሚለውን ሞክሪ፣ ይጠራል ግን ያንሳል።

ስካኑን ሴቲንግ አያድነውም። ሲቀረጽ የደበዘዘ ነገር ምንም ብታተልቂው ደብዛዛ ነው። አንዱን ዓምድ ብቻ ስክሪኑን እስኪሞላ ዙም አድርጊውና እሱን እየወረድሽ አንብቢ።


ቃል_ለቃል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:01

አንቺ ይበቃኛል ወንድሜ። እትዬ ስትለኝ ነው ዓይኔ የሚፈዘው።


መነጽር_ቤት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ስትጠጊ የሚብስሽ፣ ስትርቂ የሚሻልሽ ከሆነ የዕድሜ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ከ40 ወዲህ የዓይን ውስጥ ሌንስ እየጠጠረ ይሄዳል፣ ቅርብ ማጥራት ያቅተዋል። በሽታ አይደለም፣ ሁላችንንም ይጠብቀናል። ግን ተመርመሪ፤ መንገድ ላይ የሚሸጠውን አንስተሽ እንዳትገዢ።

ምርመራ ስትሄጂ አንድ ነገር ይዘሽ ሂጂ። ከዓይንሽ እስከ ስክሪንሽ ያለውን በሜትር ለኪና ቁጥሩን ንገሪያቸው። የንባብ መነጽር የሚሠራው ለመጽሐፍ ነው፣ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር። ስክሪን ከ60 እስከ 70 ነው። በመጽሐፍ መነጽር ስክሪን ስታነቢ ሳታውቂው አንገትሽን ወደፊት ታወጫለሽ፣ ማጅራት የሚይዘው እንዲህ ነው። የስክሪን መነጽር ቁጥሩ ከመጽሐፉ ዝቅ ይላል። ከላይ ሩቅ፣ ከታች ቅርብ የሚያሳየውን የሚያደርጉ ደግሞ በታችኛው ለማየት አገጫቸውን ያነሳሉ፤ ለእነሱ ስክሪኑን ዝቅ ማድረግ ነው። ለሌላው የስክሪኑ አናት ከዓይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ቢል ጥሩ ነው። ዝቅ ብለሽ ስታዪ የዓይን ቆብሽም ዓይንሽን የበለጠ ይሸፍነዋል፣ ቶሎ አይደርቅም።

እስከዚያው በየ20 ደቂቃው 20 ሰከንድ ቀና ብለሽ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ተመልከቺ። መስኮት ካለሽ ማዶ ያለ ዛፍ ይበቃል።

ሌላ የምለምናችሁ። ዓይናችሁ ሲቀላ ፋርማሲ ሄዳችሁ «የሚያጠራ ጠብታ» ብላችሁ በግምት አትግዙ። ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት ያለበት ጠብታ መቅላቱን ቶሎ ያጠፋል፣ ለዚህ ነው ሰው የሚወደው። ለረጅም ጊዜ ያለ ሐኪም ሲጨመር የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። ግፊቱ የዓይን ነርቭን ሲጎዳ ግላኮማ ይባላል፤ በእሱ የጠፋ እይታ አይመለስም። ለድርቀት ከሆነ ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ጠይቁ። በድንገት እይታ ከቀነሰ፣ ብልጭታ ከታየ፣ ወይም አንድ ዓይን ብቻ ክፉኛ ካመመ ግን ሴቲንግ ስትነካኩ አትዋሉ፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ።


ጥቁር_ገጽ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:33

እኔም ስክሪኔን በወረቀት ለካሁት። አምፖል ነው። ዝም ብዬ ዝቅ አደረግኩ፣ ለማንም እንዳትነግሩ።


ቃል_ለቃል
ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4:15 (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ተመረመርኩ። ለስክሪን ቁጥር 1 መነጽር ታዘዘልኝ፣ ለመጽሐፍ ሌላ። 65 ሳንቲ ሜትር ብዬ ቁጥሩን ስነግራት መርማሪዋ «ማን ነገረሽ?» ብላ ሳቀች። ማጅራቴ ቀለል ብሎኛል። የ10 ሰዓቱ መደራረብ የለም። ቁርቁሩ ሥራ የበዛበት ቀን አሁንም ይመጣል፤ ማርገብገብ እንዳልረሳ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ የዓይን ሥዕል ለጥፌያለሁ። አለቃዬ ምንድን ነው ሲለኝ «ቡዳ ነው» አልኩት።

ኤችዲኤምአይ ኬብሉን ከዕቃ ግምጃ ቤት ጠይቄያለሁ። ፎርም ሙሊ ተብያለሁ። ፎርሙ ላይ ያለው የፊደል መጠን 8 ነው።


ላፕቶፕ_ብቻ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:20

ክሩን አሁን ነው ያገኘሁት። የኔ ላፕቶፕ 1366 በ768 ነው፣ ስኬሉን 150 ሳደርገው መስኮቶቹ ከስክሪን ይወጣሉ፣ «ኦኬ» የሚለው ቁልፍ አይታይም። ምን ላድርግ?


የኬብል_ልጅ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:47

ለሱ 150 ይበዛል። ስኬሉን 100 መልሰው። ከዚያ «ኢዝ ኦፍ አክሰስ» ውስጥ «ሜክ ቴክስት ቢገር» አለ፣ ዊንዶውስ 11 ከሆነ «አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ «ቴክስት ሳይዝ» ነው። እሱ ጽሑፉን ብቻ ነው የሚያተልቀው፤ 120 ወይም 130 ሞክር። ለብራውዘር ኮንትሮል ተጭነህ የማውሱን ጎማ አዙር። ላፕቶፑን ደግሞ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ላይ አስቀምጠውና የውጭ ኪቦርድ ሰካበት። የስክሪኑ ብራይትነስ በራሱ ከፍ ዝቅ እያለ ካስቸገረህ ሞዴሉን ጻፍልኝ፣ የሚጠፋበት ቦታ በየላፕቶፑ ይለያያል።